ለሬይመንድ የተሰጠ ሃያ ደቂቃ

እኔ ክሌመንት ሆልሮይድ፣ ዕድሜዬ ሰማንያ አራት፣ የስኬልብሮ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጁላይ 13 ቀን 2019 በመኝታ ቤቴ መስኮት አጠገብ በትራስ ተደግፌ፣ ሳንባዬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያባብለኝና ማንም ሳያስፈራራኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን ለጠበቃዬ ለሚስተር ፔል አጽፋለሁ። አባቱም ጠበቃዬ ነበርና እጁ ሲጽፍ እንደማይቸኩል አውቃለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ ካስፈለገ፣ ከጠዋት ጀምሮ በመስኮቴ ሥር በክበባችን ሐዲድ ላይ ያለፉትን ትንንሽ ባቡሮች ቆጥሬአለሁ፤ ሃያ ሦስት ናቸው። ዘጠነኛው ቫልቩ በደንብ ስላልተስተካከለ ያነክሳል። የባለቤቱን ስም አልጠራም፤ ሲሪል ነው።

ቀኑን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ዛሬና ነገ ትንንሽ ባቡር በእጃችን የምንሠራበት የሞዴልና የእንፋሎት ባቡር ክበባችን በሩን ለሕዝብ የሚከፍትበት ዓመታዊው ቅዳሜና እሑድ ነው። በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ ሳልገኝ ስቀር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ ሮዛሊንድ ዛሬ ጫጫታ ስለሆነ ለማክሰኞ ይተላለፍ ብላኝ ነበር። አይሆንም አልኋት። ለምን እንዳልሆነ አምስተኛው አንቀጽ ላይ ይታያል።

ባለፈው ረቡዕ ቄሱ መጥተው፣ በልብህ የያዝኸው ሰው ካለ ይቅር በለውና ቀለል ብሎህ ሂድ ሲሉ መከሩኝ። መልካም ሰው ናቸው። ነገር ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ቂሙንም ሳሉንም ስለያዝሁ ጸሎቱንም ስርቆቱንም ትቼ ወደ ኑዛዜው ገባሁ።

አንደኛ። ይህ የተኛሁበት ቤት ከነግቢው ለልጄ ለሮዛሊንድ ይሁን፤ ማንም አይካፈላት። በሠርጓ ዋዜማ፣ አባዬ እባክህ እጅህን በደንብ ታጠብ፣ የሙሽራው ቤተሰብ ዘይት ዘይት እንዳይሸታቸው ማለቷን አልረሳሁም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ግን አንድ እሑድ ሳታጓድል መጥታ ምሳ ሠርታልኛለችና ያኛው በዚህኛው ይጣፋ። ወርክሾፑን የእንግዳ ማረፊያ ልታደርጊው እንዳሰብሽ ባልሽ ለጎረቤት ሲያወራ ሰምቻለሁ። አድርጊው ልጄ፤ እኔ ከሄድሁ በኋላ የብረት ብናኝ ለማን ይጠቅማል። የመስኮቱን ደፍ እንጨት ብቻ አታስነቅዪ። እናትሽ ሻዬን የምታስቀምጥልኝ እዚያ ነበር፤ የኩባያው ክብ ምልክት አሁንም አለ።

ሁለተኛ። ቶርኖዬ፣ መሰርሰሪያዬና ሞረዶቼ ለከተማው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ይሰጡ። ከውስጡ አንድ ዕቃ ብቻ ይነጠል። ሲሪል በ1994 የብሎን ጥርስ ማውጫ ተውሶኝ ሰበረው፤ ሰብሮ ሲያበቃ ስብርባሪውን ቅባት ቀብቶ፣ ገጣጥሞ፣ ከነሳጥኑ ምንም እንዳልሆነ መለሰልኝ። ሁለቱም ስባሪ ለሲሪል ይሰጠው፤ ሳጥኑም ይመረቅለት። ክሌም ዕቃ ማዋስ አይወድም እያለ ሃያ አምስት ዓመት ሲያማኝ ኖሯልና ምክንያቱን ሳጥኑን ሲከፍት ያገኘዋል።

ሦስተኛ። ለክበቡ አሥር ጆንያ የዌልስ ከሰል እተዋለሁ። ጥሩ ከሰል ነው፤ ጭሱ ትንሽ ነው። ከዚያ ሌላ ብሎን እንኳ አይጠብቁ። በምትኩ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከዋንጫዎቹ በስተግራ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ይውረድ። በፎቶው ላይ ሟች ሚስቴ ማርጀሪ ሰማያዊ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ከክበባችን ሊቀ መንበር ከሬይመንድ ሃክስቢ ባቡር ኋላ ተቀምጣ ትስቃለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሻይ በጠጣሁ ቁጥር ከራሴ በላይ ስትስቅ አይቻታለሁ። ፎቶው ለሮዛሊንድ ይሰጣት። ሬይመንድ ያለበትን ግማሽ በመቀስ ቆርጣ ለክበቡ ብትመልስላቸው አልቃወምም።

አራተኛ። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ በዓል ሻይ ያፈላችልን ዊኒፍሬድ ክላፕ፣ እኔ የሠራሁላት የመዳብ ማፍያ ድሮም በእጇ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በሕግም የእሷ ይሁን። የማርጀሪ ሰማያዊ ባርኔጣም ይሰጣት። ይህን የማደርገው፣ በዚያች በክፉዋ ቅዳሜ መቶ ሰው ቆሞ ሲያይ ስለ እኔ አፏን የከፈተች እሷ ብቻ ስለነበረች ነው። ያለችውን ቀጥዬ እናገራለሁ።

አምስተኛ። አሁን ወደ ባቡሬ መጣሁ። ሚስተር ፔል፣ ይህን ቀስ ብለህ ጻፍ።

ከጉልበቴ የማትበልጥ፣ እውነተኛ እሳትና እውነተኛ እንፋሎት ያላት፣ ከኋላዋ አሥራ ሁለት ሰው አስቀምጣ የምትጎትት ባቡር በእጄ ሠርቻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀችብኝ። ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጣትን ቦይለሯን በብር ስበይድ መብራቱን ይዛ የምትቆምልኝ ሚስቴ ነበረች፤ ሁለት ጊዜ እጅጌዋ ተቃጥሏል። ስለዚህ ባቡሯን በስሟ ማርጀሪ አልኋት። ሕዝብ በሚገባበት ቀን የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ አንቺ ነሽ፣ ከአንቺ በፊት ማንም አይቀመጥባትም ብዬም ቃል ገባሁላት።

የክበባችን ሕግ እንዲህ ነው። ቦይለር ሕዝብ ፊት ከመቅረቡ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ይሞላል፤ ከሚሠራበት ግፊት እጥፉ ይጫንበታል፤ በዚያው ላይ ሃያ ደቂቃ ይቆያል። የመለኪያው ቀስት ካልወረደ አልፏል፤ ከወረደ ወድቋል። ከዚያ በኋላ ተፈርሞ ወረቀት ይሰጣል፤ ያለ ወረቀት እሳት የሚያነድ የለም። ጥሩ ሕግ ነው። በሕጉ ላይ ቅሬታ ኖሮኝ አያውቅም።

በ1988 በበዓሉ ሳምንት ሁለት ቦይለሮች ተፈተኑ፤ የእኔና የሬይመንድ። ሬይመንድ የክበቡ የቦይለር መርማሪ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሰዓቱን ይዞ ከእኔዋ ራስ ላይ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቆመ፤ ጠብታ የለም ክሌም፣ ድንጋይ ናት ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። መርማሪ የራሱን አይመረምርምና የእሱን ዓርብ ዕለት ጸሐፊያችን ኤድጋር ለብቻው ፈተነለት። ኤድጋር ነፍሱን ይማር፣ ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ ሁለቱን ወረቀት ሲሞላ ስማችንን አለዋወጠው። ማንም ይፈትን ማን፣ በሁለቱም ላይ የመርማሪው የሬይመንድ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ሬይመንድም ቅዳሜ ጠዋት የከተማው ከንቲባ በር ላይ ሲጠብቁት፣ ወረቀቶቹን መኪና ላይ አስደግፎ አንዱንም ሳያነብ ሁለቱንም ፈረመ።

እኔ በዚያን ሰዓት እሳቴን አንድጄ እንፋሎቱ ሞልቶልኝ ነበር። ማርጀሪ ሰማያዊ ባርኔጣዋን ደፍታ ከሰልፉ ፊት ቆማለች። ሬይመንድ በአንድ እጁ ወረቀት፣ በሌላው የእገዳ ቀይ ጥብጣብ ይዞ መጣና ሕፃናትና ወላጆች እየሰሙ ቦይለርህ ወድቋል፣ እሳቱን አውጣ አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ጥብጣቡን የባቡሬ ጭስ ማውጫ ላይ ሲያስር ግን ሳቄ ደረቀ። ሐሙስ ዕለት አንተ ራስህ ቆመህ አይተሃል፣ አንብበው አልሁት። አንብበው አልሁት ደግሜ። ሦስተኛውን ዊኒፍሬድ ከሻይ ቤቱ መስኮት ብቅ ብላ ተናገረችልኝ፦

«አንብበው እንጂ ሬይመንድ፣ ምን ይጎዳሃል!»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና «የተፈረመ ተፈርሟል» አለ።

ከስሜ ሥር አሥራ ሁለት ቱቦ ያለው ቦይለር ተብሎ ተጽፎ ነበር። የእኔ አሥራ ዘጠኝ ቱቦ ነው፤ አሥራ ሁለት ያለው የራሱ ነው። ዓይኑን አንዴ ዝቅ ቢያደርግ ኖሮ ያየው ነበር።

ከዚያም የራሱን ባቡር አወጣ። ነይ ማርጀሪ፣ ከእኔ ኋላ ተቀመጪ፣ ባቡር ባቡር ነው አላት። ማርጀሪ ወደ እኔ አየች። እኔ ጎንበስ ብዬ እሳቴን እያወጣሁ ነበርና ቀና አላልሁላትም። ሰው ፊት ጠብ እንዳይሆን ብላ ተቀመጠች። ባቡሩ ሲታጠፍ ሳቀች፤ ፎቶ አንሺውም ያን ጊዜ አነሳት። ለምን እንደሳቀች ጠይቄአት አላውቅም። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ሞተች። ባሏ በስሟ የሠራላት ባቡር ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቀመጥ።

በሚቀጥለው ዓመት በማርች ሁለቱም ቦይለሮች እንደገና ተፈተኑ። የእኔ ሃያውን ደቂቃ ቀስቷን ሳታነቃንቅ ጨረሰች። የሬይመንድ በአራተኛው ደቂቃ ከብየዳው ሥር ውሃ አንጠባጠበ። በዚያ በወደቀ ቦይለር ሚስቴንና የስንቱን ሰው ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጎትት ውሏል፤ የጠበቃቸው እግዚአብሔር ነው። ሬይመንድ ግን ወረቀቱ ተለዋውጦ ኖሯል፣ ማንም አልተጎዳ ብሎ ወደ ሻዩ ሄደ።

ማንም አልተጎዳ!

ሆን ብሎ ቢያደርገው በተሻለኝ ነበር። ተንኮለኛ ቢያንስ የሚያደርገውን ያያል። እኔ ግን ሳያየኝ ነው የረገጠኝ። ከዚያ ወዲህ ለሕዝብ አንድ ጊዜም አላነደድኋትም። በየዓመቱ በኦክቶበር አንድ ቀን ብቻዬን አነዳታለሁ፤ ከኋላዬ ማንም አይቀመጥም። ሬይመንድ በየጸደዩ ከጓሮው አትክልት ቆርጦ ያመጣልኛል፤ ወዳጄ ይለኛል። ክሌም፣ ስትሞት ማርጀሪን ለእኔ ተውልኝ እያለ በየበዓሉ ሰው ፊት ይቀልዳል። እንዲያው የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ስለዚህ ማርጀሪን ከነሠረገላዎቿና ከነመሣሪያዎቿ ለሬይመንድ ሃክስቢ ተናዝዣለሁ።

ሚስተር ፔል እዚህ ላይ ብዕሩን አቁሞ አየኝ። ጻፍ አልሁት፤ ጻፈ።

የአገራችን ሕግ በኑዛዜ ላይ ምስክር ሆኖ የፈረመ ሰው ከዚያው ኑዛዜ ምንም አያገኝም ይላል። እኔም ሬይመንድን ለምስክርነት አስጠርቻለሁ። በሁለት ጉዞ መካከል ባቡሩ ውሃና ከሰል ሲሞላለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። ይህ ወጥመድ ነው፣ እጄን አላስገባበትም ሲል ሚስተር ፔል ተቆጣኝ። ወጥመድ የሚሸፈን ነገር ነው፤ ይህ ግን ግልጥ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል አልሁት። ይህ ፈተና ነው። ቦይለሬ ላይ የተጫነው እጥፍ ግፊት በእሱም ላይ ይጫንበት፤ የተሰጣት ሃያ ደቂቃ ለእሱም ይሰጠው። ወረቀቱ ፊቱ ይቀመጥ። መነጽሩን ረስቶ ከመጣ የእኔ ይሰጠው። ሻይና የዊኒፍሬድ ኬክ ይቅረብለት። ሚስተር ፔልም ሦስት ጊዜ አንብበው ይበለው፤ ከሦስት አይበልጥ፣ ከሦስት አይነስ። ካነበበ የሚስተር ፔል ረዳት ከታች ተቀምጧል፤ በሬይመንድ ፈንታ እሱ ይፈርማል።

ሬይመንድ፣ ይህን እያነበብህ ከሆነ ብዕሩን አስቀምጥ። አትፈርም። ማርጀሪ ያንተ ናት፤ ከጋራዡ ቁልፍ ጋር ዛሬውኑ ውሰዳት። ወደ አልጋዬ ቀረብ ብለህ እጅህን ስጠኝ፤ ቂሜ እዚህ መስመር ላይ ያበቃል። ይህን እያነበብህ ካልሆነ ግን የምነግርህ የለም።

ሬይመንድ ሳያነብ ፈርሞ ስጦታው ከወደቀ፣ ማርጀሪ ለዊኒፍሬድ ክላፕ ትሁን። በሚመጣው ዓመት በዓል የመጀመሪያው መቀመጫ የእሷ ነው፤ ባርኔጣውን ትድፋ። ሬይመንድ መሳፈር ካማረው ቲኬት ቆርጦ እንደ ሰው ይሰለፍ።

ስድስተኛ። በቀብሬ ላይ ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ። ሬይመንድ ግን ንግግር አያድርግ፤ የጻፈውን ስለማያነብ ይረዝምበታል።

ቃሌ ይኸው ነው። ያከልሁት ከልቤ ነው፤ የቀነስሁት ስለ ልጄ ስል ነው። ከዚህ በፊት የተናገርሁት ወይም የጻፍሁት ሌላ ኑዛዜ ቢገኝ በዚህ ተሽሯል።

የጸሐፊው ማረጋገጫ

እኔ ጠበቃ ጄፍሪ ፔል ከላይ ያለውን ቃል ከሚስተር ሆልሮይድ አፍ ተቀብዬ ጽፌአለሁ፤ መልሼ አንብቤላቸው ትክክል ነው ብለዋል። የሆነውንም እንዳለ እንድመዘግብ አዘውኛል።

ሚስተር ሃክስቢ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ላይ በከሰል የጠቆረ ቱታቸውን እንደለበሱ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። ከደረት ኪሳቸው አንድ ቲኬት አውጥተው በሚስተር ሆልሮይድ ብርድ ልብስ ላይ አኖሩ። የዛሬዋ የመጀመሪያ ቲኬት ናት፣ በር ላይ ስላልነበርህ አስቀርቼልሃለሁ ክሌም አሏቸው። ሚስተር ሆልሮይድ ቲኬቷን አላነሷትም። ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ መነጽሩን አጠገቡ አድርጌ ሰዓቴን ያዝሁ።

በመጀመሪያ ያንብቡት ስላቸው መጀመሪያ ሻዩ ይቅደም አሉ። በዘጠነኛው ደቂቃ ያንብቡት አልኋቸው። በመስኮት ወደ ሐዲዱ እያዩ ስለ ሲሪል ቫልቭ አጫወቱን፤ ኬኩንም ጨረሱ። በሃያኛው ደቂቃ ለሦስተኛ ጊዜ፣ እባክዎ ያንብቡት አልኋቸው፤ ድምፄን ከፍ ማድረጌን አልክድም። አንደኛዋ ምስክር ነርሷ ኦድሪ ላምብም ቀና ብላ አየችኝ። ሚስተር ሃክስቢ መነጽሩን በጣታቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉና ብዕሩን አነሡ።

«የክሌምን ሥራ እኔ ልመርምር?» አሉ። «አንድ ጊዜ ተጠራጥሬው እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ሁለተኛ አልጠራጠረውም።»

በዚህን ጊዜ ሚስተር ሆልሮይድ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ላይ ሲያነሡ አይቻለሁ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳሉ ያዛቸው። ኦድሪ ደግፋ ውሃ አጠጣቻቸው። ሳሉ ሲተዋቸው ሁላችንም ጠበቅናቸው። ብዕሩን ከሚስተር ሃክስቢ እጅ ተቀብለው፣ ሁለቱ ምስክሮች ባሉበት፣ ፈረሙ። ቀጥሎ ኦድሪ፣ ቀጥሎም ሚስተር ሃክስቢ ፈረሙ። ሚስተር ሃክስቢ ነገ ማታ ተመልሼ እመጣለሁ ብለው ወደ ባቡራቸው ወረዱ።

ሚስተር ሆልሮይድ፣ ረዳቴ ከታች አለ፣ ይህን ቀድጄ ሌላ ልጻፍ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም አልኋቸው። ሬይመንድ ያለውን ድገምልኝ አሉኝ፤ ደገምሁላቸው። አሁንም ድገምልኝ አሉኝ፤ እንደገና ነገርኋቸው። በመስኮቱ ሥር የሚስተር ሃክስቢ ባቡር ፊሽካውን ነፍቶ አለፈ። ሕፃናቱ እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር። ሚስተር ሆልሮይድ ቲኬቷን አንሥተው ፊትና ጀርባዋን አገላብጠው አነበቡ።

ከዚያ ቀለሙ ደርቆ እንደሆነ ጠየቁኝ። ደርቋል አልኋቸው።

«እንግዲያው የተፈረመ ተፈርሟል» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኑዛዜ ሰጪ፦ ክሌመንት ሆልሮይድ
ጸሐፊ፦ ጄፍሪ ፔል፣ ጠበቃ
አንደኛ ምስክር፦ ኦድሪ ላምብ፣ ነርስ
ሁለተኛ ምስክር፦ ሬይመንድ ሃክስቢ፣ የክበቡ ሊቀ መንበርና የቦይለር መርማሪ